በመጽሐፉ የሌለው ጥቅስ

«ዘ ኦሜን» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በጁን 1976 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ፣ ወሩ ሳያልቅም አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስ የምንለውን የቪዲዮ ካሴት አስተዋወቀ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙና ካሴቱ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ከእኛ መካከል ይህን ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ጥቂት ነው። የብዙዎቻችን ትዝታ የተቀዳው ከካሴት ነው፤ ያውም ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ከደበዘዘ። ስለዚህ ዛሬ ፊልሙን በብሉ ሬይ ለማየት የተቀመጠ ሰው ከሚያየው አብዛኛውን የሚያየው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ካሴቱ ምን እንደወሰደብን ላስረዳ። ፊልሙን የቀረጸው ጊልበርት ቴይለር ነው፤ በዓመቱ የታየውን የመጀመሪያውን «ስታር ዋርስ» የቀረጸውም እሱ ነው። «ዘ ኦሜን» የተሠራው በሰፊ ፍሬም ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ከሲሶ ገደማ ይሆናል። የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ አራት ማዕዘን ሊባል ጥቂት የቀረው ነበር። ሰፊውን ምስል በጠባቡ መስኮት ሞልቶ ለማሳየት ግራና ቀኙ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ከምስሉ ከመቶ 40 እጅ በላይ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ቆመው ሲነጋገሩ ካሴቱ አንዱን ያስቀርና ሌላውን ድምፅ ብቻ ያደርገዋል። ለቀልድ ፊልም ይህ ጉዳቱ ቀላል ነው። በአስፈሪ ፊልም ግን ተመልካቹ የሚጨነቀው በፍሬሙ ዳር ስላለው ነገር ነው። በሩ ማን አለበት? ከዛፉ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ውሻ ነው ወይስ ጥላ? ካሴቱ ዳሩን ሲቆርጥ ፍርሃቱንም አብሮ ቆርጦታል።

ድምፁም አልተረፈም። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ይሮጣል። እስራኤልም ሆነች ኢትዮጵያ የተጠቀሙበት ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን በሴኮንድ 25 ነው። ፋብሪካዎቹ የመረጡት መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ፊልሙን ትንሽ አፍጥኖ ማስኬድ። በዚህም 111 ደቂቃ የነበረው «ዘ ኦሜን» ካሴት ላይ ወደ 107 ደቂቃ ወረደ፤ የሰዎቹም የመዘምራኑም ድምፅ ግማሽ ቶን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቀጠነ። የጄሪ ጎልድስሚዝን ዜማ በካሴት የሰማ ሰው አቀናባሪው ከጻፈው ይልቅ የቀጠነ መዝሙር ነው የሰማው። ብሉ ሬይ ፍጥነቱን ወደ 24 መልሶታል። መጀመሪያ ሳዳምጠው የወንዶቹ ድምፅ ከወለሉ ሥር የሚመጣ መሰለኝ፤ ድሮ የማውቀው መዝሙር አልነበረም።

ጎልድስሚዝ በዕድሜው 18 ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው በዚህ ፊልም ሙዚቃ ብቻ ነው። የሠራውም ድፍረት ነው፤ የካቶሊክን የቅዳሴ ዜማ ወስዶ ምስጋናውን ለሰይጣን አዞረው። ብዙ ምእመናንን ያስቆጣውም ከደሙ ይልቅ ይህ መዝሙር ነው። ቁጣቸውን እረዳዋለሁ። ግን ሙዚቃው ባይኖር ፊልሙ ግማሹን ኃይሉን ያጣ ነበር፤ ድምፁን ዘግቶ ማየት ነው የሚያስፈልገው፣ ወዲያው ይታወቃል።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ሮበርት ቶርን የተባለ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ሮም ውስጥ ሚስቱ በወለደች ሌሊት ልጁ መሞቱን ይነገረዋል። አንድ ቄስ በዚያው ሰዓት ተወልዶ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያቀርብለታል። ቶርን ለሚስቱ ሳይነግር ይቀበላል። ቤተሰቡ ቶርን በአምባሳደርነት ወደ ተሾመባት ለንደን ይሄዳል። በልጁ፣ በዴሚየን፣ የአምስተኛ ዓመት ልደት ግብዣ ላይ ሞግዚቱ በእንግዶቹ ፊት ራሷን ትሰቅላለች። ከዚያ በኋላ ልጁን የቀረበ ሁሉ እየሞተ ይሄዳል። ቶርንን የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ነው። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ከዚህ የተሻለ ሰው ሊመርጥ አይችልም ነበር፤ ፔክ በ1962 «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ላይ ሐቀኛውን ጠበቃ ሆኖ ኦስካር ያገኘ፣ ፊቱ ራሱ የማይዋሽ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያምን ተመልካቹም አብሮት ያምናል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ፊልሙን መልሼ ያየሁት አፉላ ውስጥ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር፣ በአክስቴ ቤት ነው። አፉላ በኢይዝራኤል ሸለቆ መሐል በ1925 የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባታል። ጊቫት ሃሞሬ ማለት የሞሬ ኮረብታ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን የምድያምን ጦር በሌሊት የገጠመው በዚሁ ኮረብታ አጠገብ ነው። ከተማዋን ይዞ በ65 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ መኪና 15 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ መጊዶ ይደርሳል። መጊዶ ደግሞ የዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 16 አርማጌዶን የሚለው ስፍራ ስሙን ያገኘበት ቦታ ነው። «ዘ ኦሜን» ውስጥ ቶርን ከለንደን ተነሥቶ፣ በሮም በኩል አድርጎ፣ ሰይጣንን የሚገድልበትን ሰባት ጩቤ ቡገንሃገን ከተባለ አርኪዮሎጂስት የሚቀበለው እዚያ ነው። እነ አክስቴ ከአፉላ ወደ ሐዴራ ሲወርዱ በአውቶቡስ መስኮት የሚያዩት ጉብታ ማለት ነው።

አክስቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች ናት። ፊልም ብዙ አትወድም፤ ስለ መጊዶ ነው ስላልኳት ብቻ አብራኝ ተቀመጠች። ከስክሪኑ ግርጌ የሚወጣውን ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እየመለስኩላት ስናይ ቆየን። ፓትሪክ ትራውተን የሚጫወታቸው አባ ብሬናን የተባሉ ቄስ ለንደን መናፈሻ ውስጥ ቶርንን ይዘው በግጥም መልክ የተቀናበረ ትንቢት የሚነግሩበት ቦታ ደረስን። ትንቢቱ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ አይሁድ ወደ ጽዮን ሲመለሱ፣ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ፣ የሮም መንግሥት ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ሐሳዊ መሲሕ ይመጣል፣ ሰውም በሰው ላይ ይነሣል።

«ልጄ፣ እስቲ መልሰው» አለችኝ።

ወደ ኋላ መልሼ አቆምኩት። አፋቸውን የከፈቱት ቄስ ስክሪኑ ላይ ቀጥ አሉ።

«ማነው እንዲህ ያለው? ኢሳይያስ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ራእይ ነው ይላሉ፣ የክርስቲያኖቹ መጽሐፍ።»

«እኛ ኢየሩሳሌም ስንገባ ነው ሰይጣን የሚወለደው?»

መልስ አልነበረኝም። በቤቱ ያለው ኦሪቱና ነቢያቱ ብቻ ስለሆነ አዲስ ኪዳን ያለበትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስልኬ ከፈትኩ። ራእይን ከምዕራፍ 1 እስከ 22 አነበብኩት፤ ረጅም መጽሐፍ አይደለም። ቄሱ የተናገሩት ጥቅስ የለም። በምዕራፍ 13 ከባሕር የሚወጣ አውሬ አለ፤ የአውሬው ቁጥርም 666 ነው። አይሁድ ወደ ጽዮን መመለሳቸው የክፉው መምጫ ምልክት ነው የሚል ቃል ግን የለም። የሮም መንግሥት እንደገና ይነሣል የሚልም የለም። ሌላው ቀርቶ ሐሳዊ መሲሕ የሚለው ስም በራእይ ውስጥ አንድ ጊዜም አይገኝም፤ ያለው በአንደኛውና በሁለተኛው የዮሐንስ መልእክት ነው። ትንቢቱን የጻፈው የፊልሙ ደራሲ ዴቪድ ሴልትዘር ነው። ሰባቱ የመጊዶ ጩቤዎችም፣ ልጁ ከቀበሮ ተወለደ የሚለውም የእሱ ፈጠራ ናቸው።

ፈጠራ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው። የሚያናድደኝ ፈጠራው የመጽሐፍ ልብስ ለብሶ መቅረቡ ነው። ከመናፈሻው ትዕይንት በኋላ ቶርንና ፎቶግራፍ አንሺው ጄኒንግስ ጥቅሱን እየፈቱ ከዘመኑ ዜና ጋር ያገጣጥሙታል። የጽዮኑ መመለስ በ1948 የተመሠረተችው እስራኤል ናት። የሮም መንግሥት በ1957 በሮም ውል የተመሠረተው የአውሮፓ የጋራ ገበያ ነው። ጅራታም ኮከብም አይጠፋም፤ ፊልሙ ከመታየቱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በማርች 1976፣ ዌስት የተባለው ጅራታም ኮከብ ያለ መነጽር በዓይን ይታይ ስለነበር የዚያን ዓመት ተመልካች ይህ ሳያስደነግጠው አልቀረም። ሴልትዘር ይህን አገጣጠም ከባዶ አላመጣውም። በ1970 ሃል ሊንድሲ ያወጣው «ዘ ሌት ግሬት ፕላኔት ኧርዝ» የተባለ መጽሐፍ የእስራኤልን መመሥረት የመጨረሻው ዘመን ሰዓት መነሻ፣ የጋራ ገበያውንም ዳግም የተነሣችው ሮም አድርጎ አስተምሮ ነበር፤ በዚያ አሥር ዓመት አሜሪካ ውስጥ ልብ ወለድ ካልሆኑት መጻሕፍት ይህን ያህል የተሸጠ አልነበረም። ሴልትዘር ያንን ትምህርት ወስዶ በጥቂት ስንኝ አሳጠረው፤ ሲያሳጥረውም ትርጓሜው ጥቅስ ሆኖ አረፈው።

ሲኒማ ቤት ውስጥ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ የለም። ጨለማ ነው፣ ፔክ አምኗል፣ መዘምራኑ ይጮኻሉ፣ ጥቅሱ በሴኮንዶች አልፎ ይሄዳል። የኢትዮጵያው ቪዲዮ ቤትም ከዚህ አይለይም ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ዴኩ የባለቤቱ ስለሆነ አቁምልን ማለት አይቻልም፣ እንግሊዝኛ የገባው አንድ ሰው ጮክ ብሎ የሚተረጉመውን ሁሉ እንቀበላለን። የቤት ቪዲዮ ትልቁ ስጦታ የማቆሚያዋ ቁልፍ ናት። ፊልሙን አቁሞ ሌላ መጽሐፍ መግለጥ የሚችል ተመልካች የመጣው ከእሷ ጋር ነው። የእኔ አክስት ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና በኡልፓን፣ ለአዲስ መጤዎች በተከፈተው የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ነው፤ ጥቅሱን ያስያዛት ግን ማንበቧ ሳይሆን ኦሪቱን ከቄሶቹ አፍ ሰምታ ማደጓ ነው። ያልሰማችውን ወዲያው ለየችው።

ስለ 666ም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ በእኛ ዘንድ ይህ ቁጥር ከፊልሙ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ይኖራልና። በአዲስ አበባም በቴል አቪቭም በዕቃ ላይ ያለው የመስመር ኮድ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ክትባት ሳይቀር 666 አለበት ሲባል ሰምተናል። ብዙ ሊቃውንት የሚስማሙበት ማብራሪያ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይርቃል። የዕብራይስጥ ፊደል እንደ ቁጥርም ያገለግላል፤ አፉላ ያለ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ክርስቲያኖችን ያሳደደው የሮም ንጉሥ ኔሮን ቄሳር ስሙ በዕብራይስጥ ሲጻፍ ኑን 50፣ ሬሽ 200፣ ዋው 6፣ ኑን 50፣ ቆፍ 100፣ ሳሜክ 60፣ ሬሽ 200 ነው። ደምሩት፤ 666 ይሆናል። የመጨረሻዋን የኔሮን ኑን ትተን በላቲኑ አጠራር ኔሮ ብንለው 50 ይቀነስና 616 ይመጣል። ደግሞም ከጥንታዊዎቹ የራእይ ቅጂዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ 616 ይላሉ። ጸሐፊው የዘመኑን ጨካኝ ንጉሥ በስሙ መጥራት ስላልቻለ በቁጥር ጠራው ማለት ነው።

ፊልሙ ቁጥሩን ልጁ በተወለደበት ሰዓት ላይም ያደርገዋል፤ በስድስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት። ይህ የሚሠራው በአንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ጁን 6 ግንቦት 29 ነው፣ ሰዓቱም ንጋት 12 ሰዓት ነው። በዕብራውያን አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል። ጎንደር ላይ ቢወለድ ኖሮ ዴሚየን ምንም ምልክት አልነበረውም።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ፤ የዚህ ምዕራፍ ልቡ እዚያ ነው። ወደ ጽዮን መመለስ ለዚህ ፊልም የጥፋት ሰዓት ደወል ነው። ለቤተ እስራኤል ግን የዘመናት ጸሎት ነበር። በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ፣ ከአስተሥርዮ በ50ኛው ቀን፣ ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ወጥቶ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አድርጎ ይሰግድ ነበር፤ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ሲወርዱም ጾም ይፈታል። ይህ ሲግድ የሚባለው በዓል ነው፤ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ዛሬም ከአፉላ አውቶቡሶች በማለዳ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ።

ለዚህ ጸሎት ሰው ሞቶለታል። በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ የመመለሻው ዘመን ደርሷል ብለው ከጎንደር አካባቢ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ቀይ ባሕርን በእግር ለመሻገር ተነሡ። ባሕሩ ጋ አልደረሱም። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉት ግማሹ እዚያው ቀረ፣ ግማሹ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ 120 ዓመት አልፎ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ከሱዳን ወጣ፤ በእግር ጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው አልቋል። በሜይ 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። አክስቴ ከእነዚህ አንዷ ናት። ፊልሙ ሲሠራ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ገና በመንደራቸው ነበሩ፤ ሴልትዘርም ሊያውቃቸው አይችልም። ቢሆንም አንድን ሕዝብ ለሺህ ዓመታት ያቆየውን ተስፋ ተመልካች ለማስደንገጫ መጠቀሙ ይሰማኛል። ደራሲው ክፋት አልነበረውም ብል እንኳ፣ የአይሁድ ወደ አገራቸው መግባት የዓለምን መጥፊያ ይጠራል የሚል ሐሳብ ፊልሙን ካዩት ስንቶች ጭንቅላት ውስጥ ሳይመረመር እንደቀረ ማሰብ ያሳዝነኛል። በ1978 ሃሪ ሜድቬድ ፊልሙን ከምንጊዜውም 50 መጥፎ ፊልሞች አንዱ ብሎ በመጽሐፉ መዝግቦታል። መጥፎ ፊልም አይደለም። በጣም ጥሩ የተሠራ ስለሆነ ነው ጥቅሱ የታመነው።

ትንቢት ሰውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነግሥ ይናገራል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1855 ዘውድ ሲጭኑ ያንን ስም የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። አባ መሃሪ ሕዝቡን ይዘው የተነሡትም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ስምንተኛው ሺህ ገባ እየተባለ ስንት ጊዜ እህል ተሽጦ፣ ስንት ጊዜ ሰው ወደ ገዳም ሄዷል! ይሁንና እነዚህ ትንቢቶች ጠባቂ ነበራቸው። መጽሐፉ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ማን እንደሚተረጉመው ይታወቅ ነበር። ደብተራው ቢያጣምመው ሌላ ደብተራ ይከራከረዋል። የአባ ብሬናን ጥቅስ ግን ተከራካሪ የለውም፤ ፊልሙ ውስጥ አንድም ሰው ይህ ጥቅስ በመጽሐፉ የለም አይልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአክስቴ ከመጽሐፉ በእርግጥ ያለ አስፈሪ ታሪክ አነበብኩላት፤ የአፉላ ሰዎች ከቤታቸው ብዙ ሳይርቁ ሊሄዱበት የሚችሉትን። ዓይንዶር ከሞሬ ኮረብታ በስተሰሜን ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 እንደተጻፈው የፍልስጥኤማውያን ጦር በሱነም፣ ማለትም በዚሁ ኮረብታ በደቡብ በኩል ሰፍሯል። ሳኦል ከማዶ በጊልቦዓ ነው። እግዚአብሔር በሕልምም በነቢይም አልመልስለት ብሏል። መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሩ ያባረረው እሱ ራሱ ነው፤ አሁን ግን ልብሱን ቀይሮ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ የጠላትን ሰፈር በጨለማ ዞሮ ወደ አንዲት መናፍስት ጠሪ ቤት ይሄዳል። የካርታውን አቀማመጥ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ጠጉሩ ይቆማል፤ ንጉሡ እዚያ ቤት ለመድረስ ሊገድሉት ከተሰለፉት ሰዎች አጠገብ ማለፍ ነበረበት። የሞተው ሳሙኤል ተጠርቶ የሚነግረውም ነገ አንተም ልጆችህም ከእኔ ጋር ትሆናላችሁ የሚል ነው። ሳኦል ከነቁመቱ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ አልበላም ነበር። ሴትዮዋ ታዝንለታለች። የሰባ ጥጃዋን አርዳ፣ ዱቄት ለውሳ፣ ቂጣ ጋግራ ታበላዋለች። ቁጥር የለም፣ ምልክት የለም፣ ጅራታም ኮከብ የለም። የተራበ ሰውና ነገ እንደሚሞት እያወቀች የምታበላው ሴት ናቸው ያሉት። «ዘ ኦሜን» ከመጽሐፉ መበደር ቢፈልግ ኖሮ ከቡገንሃገን ጩቤ የሚበልጥ ነገር ከመጊዶ ብዙ ሳይርቅ ያገኝ ነበር።

ፊልሙ መጊዶን ከመሬት በታች ያለ፣ በችቦ የሚታይ ከተማ አድርጎ ያሳያል። እውነተኛው መጊዶ ፀሐይ የሚመታው ክፍት ጉብታ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመሬት በታች ያለው ነገር የውኃ ዋሻ ብቻ ነው፤ ጦር ሲከብባቸው ወደ ምንጩ ለመውረድ ያገሩ ሰዎች በቋጥኝ ውስጥ የቆፈሩት። ጦርም ብዙ አይቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ቱትሞስ ሦስተኛ እዚህ ተዋግቷል፤ ንጉሥ ኢዮስያስ እዚህ ሞቷል፤ በሴፕቴምበር 1918 እንግሊዛዊው ጄኔራል አለንቢ የኦቶማን ጦርን እዚህ ሰብሮ በኋላ የማዕረግ ስሙን ከቦታው ወስዷል። የራእይ ጸሐፊ የመጨረሻውን ጦርነት ለመሰየም ይህን ቦታ ቢመርጥ የሚገርም አይደለም፤ በዚያ መተላለፊያ ያላለፈ ጦር የለም።

ፊልሙን ግን እስከ መጨረሻው አየነው፣ ወደፊትም ደግሜ የማየው ነው። ምክንያቱ ዶነር ነው። ስክሪፕቱ እጁ ሲገባ ባለ ሰኮና አጋንንትና የጠንቋይ ማኅበር ነበረበት፤ ሁሉንም አስወጣ። ሕጉ አንድ ነበር፤ የሚሆነው ሁሉ አጋጣሚም ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። መብረቅ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይመታል፣ ዘንጉ ወድቆ ቄሱን ይወጋል። ፍሬን የለቀቀ መኪና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የጫነው መስታወት ተወርውሮ የጄኒንግስን አንገት ይቆርጣል። ይህን ትዕይንት ዶነርና የፊልሙ አቀናጅ ስቱዋርት ቤርድ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው ያሳዩታል፤ ተመልካቹ ዓይኑን ሸፍኖ ሲገልጥ ገና አላለቀም። እርምጃ በእርምጃ እያቆሙ ሲያዩት የጭንቅላቱ ሐሰተኛነት ይታያል፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ግን እስከ ዛሬ ያሰቅቃል።

በዶነር ሕግ መሠረት ፊልሙን ሌላ ንባብ ማንበብ ይቻላል፤ ጥቅሱ እንደሌለ ካወቅኩ በኋላ ይህኛውን ንባብ ማስወገድ አልቻልኩም። ቶርን ልጁ የሞተበት ሰው ነው። ሚስቱን አምስት ዓመት አታሏል። ሚስቱም ሞታለች። በዚህ ሐዘን መሐል የታመሙ አንድ ቄስ የሌለ ጥቅስ ይነግሩታል፣ አንድ አርኪዮሎጂስት ጩቤ ይሰጠዋል። በልጁ ጠጉር ሥር ምልክት ፈልጎ ያገኛል፤ የፈለገ ያገኛል። ከዚያ የአምስት ዓመት ልጅ እያለቀሰ በእጁ ጎትቶ ወደ መሠዊያ ያወጣል፣ ጩቤውን ያነሣል። ኦሪት ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ አብርሃምንና ይስሐቅን ሳያስብ አይቀርም። አክስቴም ያለችው ይህንኑ ነው፤ «መልአኩ የት ነው?» ብላ ጠየቀች። መልአክ የለም። ፖሊስ ነው የደረሰው፣ የተኮሰውም አባትየውን ነው።

በመጀመሪያው ስክሪፕት ልጁም ይሞት ነበር። የፎክስ ኩባንያ ኃላፊ አለን ላድ ጁኒየር ልጁ ይትረፍ ብሎ ዶነርን አግባባው። በመጨረሻው ትዕይንት ዴሚየን በቀብር ላይ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት እጅ ይዞ ቆሞ ዞር ብሎ ወደ እኛ ያያል፣ ፈገግ ይላል። ሕፃኑ ሃርቪ ስቲቨንስ ትወና አያውቅም ነበር። ዶነር ፈገግታውን ያመጣው፣ ካሜራው ሲሠራ እንዳትስቅ፣ ከሳቅህ ጓደኛህ አልሆንም እያለ ነው፤ ልጁ ሊቋቋመው አልቻለም። ለ50 ዓመት ተመልካች ይህን ፊት የሰይጣን ድል አድርጎ ሲያየው ኖሯል። ምስሉን አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እኔ አሁን የማየው አባቱ በሐሰተኛ ጥቅስ ሊያርደው ቃጥቶ የተረፈ ልጅ ነው።